ተነሳሽነት ኪራይ አይከፍልም

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጥያቄው ሰውን ስኬታማ ነጋዴ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ የጸሐፊው መልስ ቁርጥ ያለ ነው፦ ተነሳሽነት። ገንዘቡ፣ ቦታው፣ ዘመዱ፣ የብድሩ ጣጣ፣ ሁሉም በእርሳቸው ዓይን ሰበብ ነው። ሰው ከልቡ ከፈለገ ገንዘቡ ራሱ ተከትሎት ይመጣል ይላሉ። ለምስክርነትም ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ የሶልሬብልስ ጫማን የመሠረተችውን ቤተልሔም ጥላሁንን፣ የማይክሮሶፍቱን ቢል ጌትስንና የአማዞኑን ጄፍ ቤዞስን ይጠራሉ። የወጣቱ ችግር የሥራ ዕጦት ሳይሆን የፍላጎት ዕጦት ነው፣ ይህንንም ሳይንስ አረጋግጦታል፣ ተቀጥሮ መኖር የፈሪ ምርጫ ነው ካሉ በኋላ ምንም ቢመጣ አታቋርጡ ብለው መክረው ይሰናበታሉ።

ጽሑፉ አማርኛው ያማረ ነው፤ ሲያነቡት ደም ያሞቃል። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። እኔ እንጀራዬ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ነው፤ ዳቦ ቤት፣ እንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ የመኪና መለዋወጫ። ንግድ ሲያድግም ሲወድቅም ቀድሞ የሚታየው ደብተሩ ላይ ነው። ተነሳሽነት ጥቅም የለውም የሚል ክርክር የለኝም፤ ጠዋት ተነስቶ ሱቅ የማይከፍት ሰው ነጋዴ አይሆንም። ነገር ግን ከማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ተነሳሽነት ሞልቶ የተረፋቸው ናቸው። ከሰው ሰው የሚለያየው ስንት ጊዜ ወድቆ መነሳት እንደሚችል ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ ኪሱ፣ ዘመዱና የሚሠራበት ሕግ ነው። የጸሐፊውን ነጥቦች በዚህ ሚዛን ልያቸው።

ገንዘብ ተከትሎ ይመጣል ስለመባሉ

አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። እንበልና አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ለአንድ ትምህርት ቤት 100 ዴስክ በ400,000 ብር ሊሠራ ተዋዋለ። ጣውላው፣ ብረቱና ቀለሙ 260,000 ብር ይፈጃል፤ የሠራተኛው ደመወዝ 60,000 ብር። ወረቀት ላይ 80,000 ብር ትርፍ አለ። ከተዋዋለበት ቀን አንስቶ ገንዘቡ እጁ እስኪገባ 4 ወር ይፈጃል እንበል፤ ከሚዘገዩ ከፋዮች አንጻር ይህ የከፋ አይደለም። የሼዱ ኪራይ በወር 15,000 ብር ከሆነ በ4 ወር 60,000 ይሄዳል። የቀረው 20,000 ነው።

አሁን መነሻውን 320,000 ብር ከየት ያምጣ? ባንክ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይለዋል፤ የለውም። ዕቁቡ ገና አልደረሰውም። ስለዚህ አራጣ ይበደራል፣ በወር 5 በመቶ። ይህ በወር 16,000፣ በ4 ወር 64,000 ብር ወለድ ነው። መጨረሻ ላይ ዴስኩን በሙሉ ሠርቶ፣ በጥራት አስረክቦ፣ ክፍያውንም አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ተቀብሎ 44,000 ብር ከስሯል።

ጎረቤቱን ደግሞ ተመልከቱ። ያው ሙያ፣ ያው ውል፣ ያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት። ልዩነቱ የሚሠራው በአባቱ ግቢ ስለሆነ ኪራይ የለበትም፤ መነሻውን ደግሞ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ ያለ ወለድ ልኮለታል። እርሱ 80,000 ብር ያተርፋል። በሁለቱ መካከል የ124,000 ብር ልዩነት አለ፤ ከዚህ ውስጥ ተነሳሽነት ያመጣው አንድ ብር የለም። በሚቀጥለው ዓመት አነቃቂ ንግግር አዳራሽ ተጠርቶ የሚናገረው ግን ማን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ሲናገርም ከልቡ ነው፤ የለፋው ልፋት እውነት ስለሆነ የአባቱ ግቢ ትዝ አይለውም።

ጸሐፊው ብድር ሰበብ ነው ሲሉ የትኛውን አገር እያሰቡ እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። እኛ አገር በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ዋስትና ማድረግን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከብት፣ ገና ያልተሰበሰበ የዱቤ ሒሳብ ሳይቀር መያዣ መሆን ይችላል ይላል። መልካም ሕግ ነው፤ ግን ሕግ ወጣ ማለት የብድር ኦፊሰሩ ልማድ ተለወጠ ማለት አይደለም። ዛሬም ብዙ ቦታ ቀድሞ የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው። ከዚያ ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አወጣ፤ ገደቡ በኋላ ላላ እንጂ። የዋጋ ንረትን ለመግታት ነበር፤ ምክንያቱን አልነቅፍም። ግን ፋይሉ አልቆ ብድሩን ሲጠብቅ ለነበረ ነጋዴ መልሱ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የእርሱ ተነሳሽነት በሐምሌና በመስከረም መካከል አልቀነሰም።

ዓመት ሳይሞላ ሌላ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው በድሮው ዶላር ያስገባውን ዕቃ በድሮው ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ ሸጠ፤ ደብተሩ ላይ ትርፍ አለ። በዚያ ገንዘብ ሊተካ ሲሄድ ግን የድሮውን ግማሽ ያህል እንኳ መግዛት ይቸግረዋል። የተማረ ነጋዴም የተሳሳተበት ሒሳብ ነው። በስልክ የሚሰጡት አነስተኛ ብድሮች፣ የቴሌብሩ እንደኪሴና መላ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንኩ ምቹ፣ ለዕለት ማንቀሳቀሻ ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ በአብዛኛው ግን መጠናቸው ትንሽ፣ መመለሻቸውም አጭር ነው።

አንድ ነገር ለጸሐፊው ልስጥ። የሰው ጠባይ ራሱ ዋስትና የሚሆንበት መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት፣ ቤት የማታስይዝ ነጋዴ በሥነ ልቦና ፈተና ተመዝና እንድትበደር የሚያስችል አሠራር በብድርና ቁጠባ ተቋማት በኩል አስገብቷል። እዚህ ላይ ጽናትና ቁም ነገር በእርግጥም ብር አወጡ። ያወጡት ግን መዛኝ ተቋም ስለተገኘ ነው። ፈተናው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቀን ሴትየዋ ያው የነበራት ጽናት ነበራት፤ ብድር ግን አልነበራትም።

የጀግኖቹ ነገር

ኃይሌ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ትምህርት ቤት ይሮጥ እንደነበር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ጸሐፊው ከዚያ ሩጫ በቀጥታ ወደ ሪዞርቶቹ ይዘላሉ። መሐሉን ዘለሉት። አርሲ ውስጥ ደብተር ይዞ የሚሮጥ ሕፃን ዛሬም ስፍር ቁጥር የለውም፤ ከእነዚያ ውስጥ አትላንታና ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀው እርሱ ነው። ወደ ንግድ የገባውም በውጭ ምንዛሪ የተከፈለ ሽልማትና የማስታወቂያ ገቢ ይዞ ነው። የዱባይ ማራቶንን ብቻ ከእ.ኤ.አ. 2008 እስከ 2010 በተከታታይ አሸንፏል፤ የአንደኛው ሽልማት በአንድ ውድድር 250 ሺህ ዶላር ነበር። ስሙ ራሱ መያዣ ነው፤ የትኛውም ባንክ በር ላይ ማነህ የሚለው የለም። ኃይሌ ገንዘቡን ሳያባክን አገሩ ላይ ሥራ ላይ ማዋሉ የሚያስመሰግነው ነው፣ ብዙ ሯጭ ያላደረገውን ነው ያደረገው። ያንን ግን ምንም ሳይኖርህ በፍላጎት ብቻ ሆቴል ትሠራለህ ለማለት ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

የቤተልሔም ታሪክ ከኃይሌው ይልቅ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የጠቀሷት ለተነሳሽነት ነው፣ እኔ ስመለከተው ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር ሥራው የቆመው በአያቷ ቦታ ላይ ነበር። መነሻ ገንዘቡ ከቤተሰብ የተሰባሰበ ነው። የተማረችው ደግሞ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ይህን ስጽፍ እንደ ሙያ ባልደረባ ትንሽ ኮራ ማለቴን አልደብቅም። ከዚህ በላይ የሰፈሩ ሰው ድርና ማግ የሚያውቅ፣ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ መሥራት የቆየ ልማድ የሆነበት አገር ነው። እርሷ ያየችው ያንን ሙያ ውጭ አገር ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል ነው። ይህ ብልሃት ነው፤ የገበያ ዕውቀት ነው። ኪራይ የማይጠየቅበት ቦታ ላይ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መሞከር መቻል ደግሞ ብልሃቱ እስኪበስል ጊዜ ይሰጣል። ታሪኳን ወደ ተነሳሽነት ብቻ የሚያጠብ ሰው እርሷን ማክበሩ አይመስለኝም፤ ያወቀችውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ የተሰማትን ብቻ ነው የሚያወራው።

ስለ አሜሪካኖቹ አላረዝምም። ጌትስ የተማረበት የሲያትል ትምህርት ቤት የተማሪ እናቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 ከሩቅ ካለ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ተርሚናል አስገብቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህ በብዙ ዩኒቨርሲቲም የማይገኝ ነው። ሃርቫርድን አቋርጦ ወጣ ሲባልም ሃርቫርድ ገብቶ እንደነበር መርሳት አያስፈልግም። ቤዞስ አማዞንን ሲጀምር ከኒው ዮርኩ የገንዘብ ገበያ ከዎል ስትሪት ከፍተኛ ደመወዝ ትቶ ነው የመጣው፤ ወላጆቹም እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 245 ሺህ ዶላር አስገብተውለታል። አማዞን ተጀመረበት የሚባለው ጋራዥ እውነት ነው፤ ከጋራዡ ኋላ የነበረው ቤትም እውነት ነው።

ደግሞም የከሰረ ሰው መድረክ ላይ አይጠራም። ልክ እንደ ኃይሌ የጓጉ፣ ልክ እንደ ቤዞስ ሌሊት የሠሩ፣ ግን ያልተሳካላቸው ሰዎች ስለማይጠየቁ ተነሳሽነት ሁልጊዜ የአሸናፊ መለያ መስሎ ይታያል።

ወጣቱ ፍላጎት አጥቷል መባሉ

ይህ ነጥብ ነው ከሁሉ ያናደደኝ፤ ምክንያቱም እዚሁ አገራችን ላይ በተሠራ ጥናት ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ድርጅቶች ለዝቅተኛ የፋብሪካና የእርሻ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት መደቡ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንደኛው ቡድን ሥራውን አገኘ፤ ሁለተኛው የ5 ቀን የንግድ ስልጠናና ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች በጸሐፊው አከፋፈል ተነሳሽነት የሌላቸው ናቸው። የራሳቸውን ሥራ ለመፍጠር አልመጡም፤ ለመቀጠር ነው የተሰለፉት። ሆኖም ገንዘቡንና ስልጠናውን ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው ምንም ካላገኙት ቡድን በ33 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ማንም ስለ ውስጣዊ እሳት አልሰበካቸውም። የፋብሪካውን ሥራ ካገኙት ደግሞ አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ፤ ሥራው ከሌላው አማራጭ የተሻለ ገቢ አላስገኘላቸውም፣ ጤናቸውንም ጎድቷል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለእኔ ይመቸኝ ነበር። አላበቃም። ተመራማሪዎቹ ከ5 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራርበው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 አብረው የታተሙ የ6 አገሮች የአነስተኛ ብድር ጥናቶችም፣ አንዱ በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች የተሠራ ነው፣ ብድር ብቻውን የቤተሰብን ኑሮ እንዳልለወጠ አሳይተዋል። ስለዚህ ገንዘብ ይሰጣቸው እንጂ ያልፍላቸዋል የሚልም እንደ ጸሐፊው ያው አንድ መድኃኒት ሻጭ ነው። 300 ዶላር ጉልት ወይም ትንሽ ሱቅ ያስከፍታል። ሱቁ ከታመመ ልጅ፣ ከኪራይ ጭማሪና ከመጥፎ ዓመት በላይ እንዲቆይ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ገንዘብ ያስፈልገዋል። ያ ዙር ለአብዛኛው ሰው አይመጣም።

ሳይንስ አረጋግጧል ስለመባሉ

የትኛው ሳይንስ እንደሆነ ጸሐፊው አልጠቀሱም፤ እኔ ልርዳቸው። ከሁሉ የቀደመው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ማክሌላንድ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሕንድ ካኪናዳ ከተማ የመጡ ነጋዴዎችን የስኬት ፍላጎትን የሚያጎለብት ስልጠና ሰጥቶ ተከታተላቸው፤ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ ንግዳቸውን አንቀሳቀሱ። ይህ ለጸሐፊው ትልቅ ድጋፍ ነው። ነገር ግን የሠለጠኑት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች አልነበሩም፤ ንግድ በእጃቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ለውጡም በተለይ የታየው በድርጅታቸው ላይ ራሳቸው መወሰን በሚችሉት ላይ ነበር።

ከዚህ የሚያይለው የቶጎው ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሒሳብ፣ የገበያና የአስተዳደር ስልጠና ወሰደ። ሌላው ቀድሞ የማሰብ፣ ሳይነገሩ የመጀመርና እንቅፋት ሲመጣ መላ የመፈለግ ስልጠና ወሰደ። በ2 ዓመት ውስጥ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ምንም ስልጠና ካልወሰዱት በ30 በመቶ በለጠ፤ የመጀመሪያው 11 በመቶ ብቻ፣ ያም በስታቲስቲክስ እርግጠኛ ሊባል የማይችል። የሒሳብ ሰው ሆኜ ይህን መጻፍ አይጥመኝም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ ጸሐፊው ረቱ? ስልጠናው ምን እንደነበር እንይ። የክፍል ትምህርቱ 36 ሰዓት ነው፤ ከዚያ አሠልጣኙ ለ4 ወራት በየወሩ ሱቃቸው ድረስ እየሄደ ሥራቸውን አየ። የተማሩት ከጎረቤት የተለየ ምን መሸጥ እችላለሁ፣ አቅራቢዬ ቢጠፋ ማን አለኝ፣ የሚቀጥለው ክረምት ላይ ምን ይመጣል የሚሉ ጥያቄዎችን እየጠየቁ መለማመድ ነበር። ይህ የሚደጋገም ልምምድ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ አጨብጭቦ መውጣት ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሲጀመር ሠልጣኞቹ ሁሉ ንግድ የነበራቸው ናቸው።

እኛ አገር ይህ መንገድ የማይታወቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ማዕከል (አሁን ኢንስቲትዩት ሆኗል) የሚሰጠው ኤምፕሬቴክ የተባለው ስልጠና መሠረቱ የማክሌላንድ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 አርጀንቲና ተጀምሮ ብዙ አገር የዞረ። ወስደው የመጡ ደንበኞች አሉኝ። ከመካከላቸው የተጠቀሙት ሲመለሱ ተስፋ ሞልተው ስለነበር አይደለም፤ ሁሉም ተስፋ ሞልተው ነው የተመለሱት። የተጠቀሙት ሰኞ ዕለት ዋጋቸውን እንደገና ያሰሉት፣ ዱቤ የማይመልስ ደንበኛ ላይ በር የዘጉት ናቸው። እነርሱ ደግሞ ለማስላትም ለመዝጋትም የሚሆን የእጅ ገንዘብ ነበራቸው። ያ የሌለው ሰው ዱቤ ቢከለክል ደንበኛው በሙሉ ወደ ጎረቤት ሱቅ ስለሚሄድበት፣ የተማረውን እያወቀ ሊሠራበት አይችልም።

በነገራችን ላይ ትኬት ሸጦ አዳራሽ የሚሞላው አነቃቂ ተናጋሪ ራሱ ጥሩ ነጋዴ ነው። ገንዘቡን ቅድሚያ ይቀበላል፣ ዱቤ አይሰጥም፣ የሚያከማቸው ዕቃም የለውም። ከንግግሩ ይልቅ አሠራሩ ቢጠና ይሻላል።

ተቀጥሮ መኖር የፈሪ ምርጫ ነው መባሉ

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ሊጽፍ አይችልም። የጉራጌ ነጋዴዎችን ታሪክ በተለይ ብንወስድ፣ ከገጠር የመጣው ልጅ ሊስትሮ ወይም ጀብሎ ሆኖ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የዘመድ ሱቅ ውስጥ ይቀጠራል። ዓመታት ዕቃ ያወርዳል፣ ያነሳል፣ ማን በዱቤ እንደሚታመንና ማን እንደማይታመን ያያል፣ ጅምላ ሻጮቹ ይለምዱታል። አሳዳሪው አምኖበት ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ የራሱን ሱቅ ሲያስከፍተው ልጁ ገንዘብ የለውም፤ ስም ግን አለው። ዕቁብ ሲገባም ዋስ የሚሆነው ሰው ያገኛል፤ ሲቸግረው ዕጣ የሚለቅለት ሰው አለ። ያ ሁሉ የመጣው ከመቀጠሩ ነው። በደመወዝ ከተማረ በኋላ የወጣ ሰው ስሕተቱን በሌላ ሰው ገንዘብ ሠርቶ ጨርሷል፤ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ችሎ የወጣው ደግሞ ያንኑ ስሕተት በእናቱ ቤት ዋስትና ይሠራዋል። ጸሐፊው ያሞገሷቸው ቤዞስም ዎል ስትሪት ተቀጥረው ሠርተው ነው የመጡት፤ ፈሪ ያላቸው የለም።

ምንም ቢመጣ አታቋርጥ ስለመባሉ

ከጽሑፉ ሁሉ ሰው የሚጎዳው ምክር ይህ ይመስለኛል። የማያዋጣ ንግድ በየወሩ ከቤተሰብ ሆድ ይበላል። የእኔ ሥራ ግማሹ ለሰው ይህን መንገር ነው፤ ወጪው ከገቢው በላይ የሆነው ገበያው ስለሌለ ነው ወይስ ማንቀሳቀሻ ስላጠረህ? ማንቀሳቀሻ ካጠረ መፍትሔ ይፈለጋል። ገበያው ከሌለ ጽናት ኪሳራውን ከማብዛት በቀር የሚጨምረው የለም።

ኪሳራው የአንድ ሰው ብቻም አይደለም። በቡድን ዋስትና ከብድርና ቁጠባ የተበደረች ሴት ባልከፈለች ቁጥር ዕዳው ጓደኞቿ ላይ ይወርዳል። እነርሱ ገንዘቡን ይከፍላሉ፤ እርሷ የሰፈሯን ሰው አመኔታ ታጣለች። አንዴ እንዲህ የሆነችን ሴት ሁለተኛ ዋስ የሚሆናት ማን ነው? በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲወድም ብዙ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ሥራው በአንድ ሌሊት ሄደ። ያንን እሳት ተነሳሽነት ይከላከለው ነበር የሚል የለም። ከእሳቱ በኋላ ማን ዳግም ቆመ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ኢንሹራንስ ያለው፣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው አቅራቢ ያለው፣ ሌላ ቦታ ሱቅ ያለው ዘመድ ያለው ነው።

ስለዚህ ለሚዘጉ ደንበኞቼ የምነግራቸው እንዴት እንደሚዘጋ ነው። ዕቃውን ቆጥሮ መሸጥ፣ ያልተሰበሰበውን ዱቤ መሰብሰብ፣ ሠራተኛውን በሕጉ ማሰናበት፣ የዓመቱን ሒሳብ አሳውቆ ግብሩን መክፈል፣ ንግድ ፈቃዱን መልሶ ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳየውን ክሊራንስ መያዝ። ብዙ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አያደርግም፤ መዝጋት ሽንፈት ነው ተብሎ ስለተነገረው ለጊዜው ነው እያለ ቁልፍ አዙሮ ይሄዳል። ፈቃዱ በስሙ እስካለ ድረስ ግን የማሳወቅ ግዴታው አይቆምም፤ ባላሳወቀ ቁጥር ቅጣትና ወለድ ይደራረባል። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ጥርት ባለ ሐሳብ፣ አጋር አግኝቶ፣ ተነሳሽነቱም ከድሮው በርትቶ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ መስኮቱ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የድሮው ሱቅ ዕዳ ነው።